ገና ሳልገዛት

በቦርከና ዳር ዳር፣ ከጋራዡ አጥር ሥር፣
ነጠላ ጋቢና፣ ነጭ ቀለሟ ሲያምር፣
ቆማ ጠበቀችን። ደላላው አህመዲን
ቀድሞ ከፈተልን፣ አፉንና ኮፈኑን፦
«አንድ ሰው ነው የነዳት፤ እሱም መምህር ነበር፣
ቅዳሜ ለአትክልት፣ እሑድ ለማኅበር!»
ባለቤቱ አራጌ፣ ቁልፉን ጣቱ ሰክቶ፣
መሬት መሬት ያያል፣ ይህን ሁሉ ሰምቶ።

አባቴ ባቲ ላይ፣ ግመል ሲገዛ ድሮ፣
ጥርስ ገልጦ ያይ ነበር፣ ዕድሜዋን ቆጥሮ፤
የዚችኛዋ ግን ጥርሷ ካምቢዮ ውስጥ፣
ቆጣሪዋም ቢሆን ወደ ኋላ የሚሮጥ።

ጦሃን ይዤ መጣሁ። ሰላም ብሎ ብቻ፣
ማግኔት አወጣ ከኪሱ ዳርቻ፤
በሩ ላይ አስጠጋው፣ ጥብቅ አርጎ ያዘ፤
ፓራፋንጎ ሲደርስ፣ ማግኔቱ ፈዘዘ።
«ስቱኮ ነው» አለ። አህመዲን ሳቀና፣
«ትንሽ ጭረት ነበር፣ አህያ ነክቷት ነውና።»
«ትልቅ አህያ ነው» አለ ጦሃ ዝቅ ብሎ፣
ካርቶን ላይ ተኝቶ፣ ከሥሯ ተንጋሎ፤
ከሻንሲዋ ዝገት በጥፍሩ ጫረና፣
በምላሱ ቀምሶ፣ ዝም አለ እንደገና።
«ጨው ነው» አለኝ ኋላ፣ ጆሮዬን ተጠግቶ፤
ያ መምህር ለካ፣ ጠመኔውን ትቶ፣
አፋር ይወርድ ኖሯል፣ አሞሌውን ሽቶ።

ሞተሩ ሲነሣ፣ ካቻቪቴ ተክሎ፣
ጫፉን ቴስታታ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አውሎ፣
ዓይኑን ጨፈነና፣ ሲያዳምጥ፣ ሲያዳምጥ፣
እኔ ሚስቱን ምጥ እንደያዛት፣ ቆሜ ስቀመጥ።
«ልቧስ ደህና ነው» አለ፤ «እግሯን እንይ እንግዲህ፤
ሐረጎ ሳይመሰክር፣ ብር አይወጣም ከእጅህ።»

መሪውን እኔ ያዝሁ፣ ጦሃ ከዳር ሆነ፣
አራጌ መሃል ላይ፣ ጉልበቱ ማርሹን እየሸፈነ፤
ደላላው ከኋላ፣ ከነፋሱ ጋራ
ይጮሃል በመስኮት፣ ዋጋ እያወራ።
ሁለተኛ ገባች፣ ሦስተኛም ታገሠች፣
የሐረጎን ኩርባ፣ ሁለቱን ጨረሰች።

ሦስተኛው ኩርባ ላይ፣ ጉሙን ከፍለው ወጥተው፣
አንድ እናት ቆመዋል፣ እጃቸውን ዘርግተው፣
ሦስት ጆንያ ሽንኩርት፣ ካስፋልቱ ዳር ጥለው።
«ደሴ!» አሉ። እግሬ ፍሬኑን ረገጠው።
«ልትሸጥ ነው» ሊል፣ አራጌ አፉን ከፈተ፤
አህመዲን ግን ቀድሞ፣ ጆንያ ጎተተ።

ያን ጊዜ ነው እውነት፣ ከሥሯ የወጣው፤
ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማዋ ግን አይሰማው፤
ፍሪሲዮን ሲቃጠል፣ ሽታው ገባ ቀስ ብሎ፣
እንደ አራተኛ ሰው፣ ቁጭ አለ ተደላድሎ።
ጦሃ ምንም አላለም። ተናገረ አራጌ፦
«አውቄው ነበረ። ልነግርህ ፈልጌ፣
ያ ሰውዬ ሲያወራ፣ አፌን አጣሁትና…»
መስኮቱን ከፈተው፣ ጉም ገባ እንደገና።
ሃምሳ ሺ ከዋጋው፣ ራሱ ቀነሰ፤
ኮሚሽን ከኋላ፣ በብርድ አለቀሰ።

ሸዋበር ስንደርስ፣ ሽንኩርቱ ሲወርድ፣
እጄን አፍታታለሁ፣ ቆሜ ከበሩ ግድም።
አንዲት ሁለት መቶ፣ ከመቀነት ጓዳ
ፈትተው አወጡ፣ የጆንያውን ዕዳ፤
«ባለመኪናው ማነው?» አሉ ብሯን እንደያዙ።
አራጌ እኔን አየኝ፣ ጣቶቹ ቁልፍ ሲያወዛውዙ፤
እኔ አራጌን አየሁ። መንገድ ላይ ቆመናል፤
የደላላው እጅ ብቻ፣ ሳያፍር ተዘርግቷል።
እሳቸው ግን ብሯን፣ በመስኮት አስገብተው፣
ዳሽቦርዱ ላይ ጣሏት፦ «ለደከመችው ነው፤
እናንተ ተጨቃጨቁ።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ፍሬን እየነካሁ፣
በየኩርባው ሁሉ፣ ብሯን አያታለሁ፤
ግራ ስንታጠፍ፣ ወደ አራጌ ሸሽታ፣
ቀኝ ስንታጠፍ፣ ወደ እኔ ተመልሳ መጥታ፣
ኮምቦልቻ ደረስን፣ ማንም ሳይነካት።